ቀጥታ ስርጭት ለማያይ ሰው፦ የቴሌቪዥን ፈቃድ ተቆጣጣሪ በር ሲያንኳኳ

ጥያቄ፦ «እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው፤ ፈረቃዬ ሌሊት ነው። ትልቅ ስማርት ቴሌቪዥን አለን፤ የምናየው ግን ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ብቻ ነው፣ ለበዓል ጊዜ ደግሞ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን። ስለ ቴሌቪዥን ፈቃድ የሚያስፈራራ ደብዳቤ በተደጋጋሚ ይመጣል። በቀደም ከሥራ ገብቼ ተኝቼ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ካርድ ጥሎ ሄዷል። ተመልሶ ቢመጣ ላስገባው ወይ? ባላስገባው እቀጣለሁ ወይ? የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ ልናስገባ ስለሆነ ጨንቆኛል። ባለፈው ዓመት ሳናውቅ የጀመርነው ክፍያስ ይመለስልናል ወይ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ የሚያረጋጋዎትን ልንገርዎት። ቀጥታ ስርጭት የማያይና ቢቢሲ አይፕሌየርን (የቢቢሲን ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የሚያሳየውን መተግበሪያ) የማይከፍት ቤተሰብ በየዓመቱ የሚከፈልበትን የቴሌቪዥን ፈቃድ የመግዛት ግዴታ የለበትም። የመጣው ሰው የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ ካልያዘ በስተቀር ቤትዎ የማስገባት ግዴታም የለብዎትም። በሩን ስላልከፈቱለት ብቻ ሊቀጣዎት የሚችል ማንም የለም።

ነገር ግን በጥያቄዎ መካከል ጣል አድርገዋት ያለፉት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ለበዓል ጊዜ ደግሞ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን» የምትለዋ። ተቆጣጣሪው ቢሰማት ኖሮ ሌላውን ሁሉ ትቶ እርሷን ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ስለ በሩ ከማውራታችን በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደሚታይ እንለይ።

ጉዳዩን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የብሪታንያ የኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። አንቀጽ 363 ያለ ፈቃድ የቴሌቪዥን መቀበያ መግጠምን ወይም መጠቀምን ወንጀል ያደርጋል፤ ቅጣቱም እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ የክስ ወጪ ሳይጨምር። በ2004 የወጣው ደንብ ደግሞ መቀበያ የሚባለው ምን እንደሆነ ይተረጉማል። የመሣሪያው ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ስልክም፣ ታብሌትም፣ ላፕቶፕም ይሁን ወሳኙ የሚሠራው ሥራ ነው። አንድ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ጣቢያ ለሕዝብ በሚተላለፍበት በዚያው ሰዓት ወይም ከሞላ ጎደል በዚያው ሰዓት እርስዎም የሚቀበሉበት ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ቴሌቪዥን በቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን ምንም ወንጀል የለበትም። ለዩቲዩብ፣ ለዲቪዲ ወይም ለልጅ ጨዋታ ብቻ የሚያገለግል ስልሳ ኢንች ስክሪን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቀጥታ ዜና የሚታይበት አሮጌ ስልክ ግን ይጠይቃል።

የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ጣቢያው የየት አገር ነው በሚለው ላይ ነው። «እኔ ቢቢሲን አላይም፣ የማየው የአገሬን ነው፤ ታዲያ ለምን ለእነርሱ እከፍላለሁ?» የሚል ክርክር በየቡናው ላይ እሰማለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ገንዘቡ በዋናነት የሚሄደው ለቢቢሲ ስለሆነ ክርክሩ ከፍትሕ አንጻር ሚዛን ሊደፋ ይችላል። ሕጉ ግን አይቀበለውም። ፋና፣ ኢቢኤስ፣ ኢቢሲ ወይም ሌላ ማንኛውም የኢትዮጵያ ጣቢያ በዲሽም ይምጣ በኢንተርኔት፣ በቀጥታ እስከታየ ድረስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጣቢያው ያንኑ ስርጭት በዩቲዩብ ገጹ በቀጥታ ሲለቀውም እንደዚያው ነው። ዩቲዩብ ስለሆነ ነጻ ነው ማለት ስህተት ነው።

ስለዚህ የመስቀል ደመራ ከመስቀል አደባባይ፣ ወይም ጥምቀት ከጃንሜዳ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያው እየተላለፈ ሳለ በዚያው ደቂቃ ከተመለከቱ በሕጉ ፊት ቀጥታ ስርጭት አይተዋል፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑም ነጻ አያወጣዎትም። ያው ቪዲዮ ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ገጹ ላይ ተቀምጦ ሲያገኙት ግን ፈቃድ አያስፈልግም። ችቦው ከተለኮሰ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢያዩት ደመራው የወደቀበት አቅጣጫ አይቀየርም! ከአገር ቤት ቀድሞ የደወለ ዘመድ ወሬውን ያበላሽብዎት ይሆናል፣ ጉዳቱ ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያንዎ ቅዳሴውን በራሱ ገጽ በቀጥታ ቢያስተላልፍስ? ይህ ጥያቄ ከወረርሽኙ ጊዜ ወዲህ በተደጋጋሚ ይመጣል። ስርጭቱ የአጥቢያው የራሱ ብቻ ከሆነና በዚያው ሰዓት በቴሌቪዥን ጣቢያ የማይተላለፍ ከሆነ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አይባልም፤ ፈቃድ አያስፈልገውም። የጓደኛዎ ሠርግ በፌስቡክ ቢተላለፍ፣ አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ቀጥታ ገብቶ ቢያወራ፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያንኑ ቅዳሴ ተቀብሎ በዚያው ሰዓት የሚያሰራጨው ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ደንብ ተመለስን።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ፈቃድ አይጠይቅም። ይሁንና ኔትፍሊክስም ሆነ አማዞን በቀጥታ የሚያስተላልፏቸው ግጥሚያዎች አሉ፤ እነርሱን ማየት ፈቃድ ይጠይቃል። ባለቤትዎ ኳስ ይወዳሉ? እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ምክንያቱም «እኛ ቀጥታ አናይም» የሚሉ ብዙ ቤተሰቦች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቃላቸውን የማይጠብቅ ሰው አብሯቸው ይኖራል። ከሰው እጅ የተገዛ፣ የዓለምን ጣቢያ ሁሉ በርካሽ የሚያሳይ ሳጥን ካለ ነገሩ የባሰ ነው፤ ፈቃድ ማስፈለጉ ሳይቀር ሌላ የቅጂ መብት ጥፋት ይጨመርበታል።

ቢቢሲ አይፕሌየር ብቻውን የቆመ ደንብ አለው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ያለፈ ፕሮግራም ቢሆንም እንኳ በአይፕሌየር ማየት ፈቃድ ይጠይቃል። የልጆች ፕሮግራም ብዙ ስላለበት እናቶች ሳያውቁ የሚገቡበት በር ይህ ነው። የሬዲዮ ስርጭት ግን ከ1971 ጀምሮ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ የቢቢሲን አማርኛ ዜና በድምፅ ማዳመጥም ሆነ በድረ ገጽ ማንበብ ምንም ችግር የለውም።

ቤታችሁ ተመካክራችሁ «በእርግጥ አናይም» ካላችሁ ቴሌቪዥኑም ይህንኑ የሚመስል ይሁን። ከግድግዳው ሶኬት ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሄደውን የአንቴና ገመድ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። በማስተካከያው ገብታችሁ የተጫኑትን ጣቢያዎች አጥፉ። የአይፕሌየርን መተግበሪያ ካለበት አንሱት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ አዳዲስ የሳምሰንግና የኤልጂ ቴሌቪዥኖች በኢንተርኔት የሚመጡ የራሳቸው ነጻ ጣቢያዎች አሏቸው፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ገና ሲበራ ማንም ሳይነካው ከእነርሱ አንዱን ይከፍታል። በር ላይ ሰው ቆሞ ሳለ ልጅዎ ሪሞቱን ተጭኖ ስክሪኑ ላይ ዜና አንባቢ ብቅ ቢል ማስረዳቱ ከባድ ነው። ከማስተካከያው ያንን ዘግተው ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ወደ መነሻ ገጹ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ገመድ መንቀል በሕግ የተጻፈ ግዴታ አይደለም፤ ክርክር ስለሚያሳጥር ብቻ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ። ቲቪ ላይሰንሲንግ የሚለው ስም ቢቢሲ ይህንን ገንዘብ የሚያሰባስብበት የንግድ ስም ነው። ፈቃድ የመስጠትና ክፍያውን የማስከበር ኃላፊነት ከ1991 ጀምሮ የቢቢሲ ነው፤ በየቤቱ የሚዞሩትን ሠራተኞች የሚያሰማራው ደግሞ ቢቢሲ የተዋዋለው ካፒታ የተባለ የግል ኩባንያ ነው። የፖሊስ ሥልጣን የላቸውም፤ የፍርድ ቤትም ሰዎች አይደሉም። አሠራራቸው በአድራሻ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአገሪቱ ቤቶች ሁሉ ዝርዝር አላቸው፣ ፈቃድ የሌለበትና «ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚል መግለጫም ያልተሰጠበት አድራሻ ሁሉ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ባዶ ቤት እንኳ ይደርሰዋል። ደብዳቤው በስምዎ ሳይሆን «ለሕጋዊው ነዋሪ» ተብሎ የተላከ ከሆነ በውስጡ ማን እንደሚኖር እንኳ አያውቁም ማለት ነው። «ምርመራ ተከፍቷል»፣ «ባለሥልጣን ይጎበኝዎታል» የሚሉት ቃላት እንዲያስደነግጡ ተመርጠው የተጻፉ ናቸው፤ በእኔ አስተያየት እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ስደተኛ ከልክ ያለፉ ናቸው። እርስዎ ምን እንዳዩ የሚያውቅ ሰው ግን ከጀርባቸው የለም። ያለ ፈቃድ የሚያይ ቤትን ያገኛሉ እየተባለ ከ1952 ጀምሮ የሚወራላቸው የመፈለጊያ መኪኖችም ቢሆኑ ከእውነታቸው ዝናቸው ይበልጣል፤ ሰው የሚከሰሰው ከመኪና በተገኘ ምልክት ሳይሆን በራሱ አንደበት በሰጠው ቃል ነው።

እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት። በር ይንኳኳል። የመታወቂያ ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ትሑት ሰው ቆሟል። ዝናብ አለ። እኛ ደግሞ ደጅ የቆመን ሰው «ይግቡ» ሳንል መሸኘት ነውር ሆኖብን ነው ያደግነው፤ ቡና ተፈልቶ ከሆነማ ተቆጣጣሪው ሲኒ ይዞ ሳሎን ይቀመጣል። ስምዎን ይጠይቃል፣ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደሚኖሩ ይጠይቃል፣ ቴሌቪዥኑ የት እንዳለ፣ መጨረሻ ላይ ምን ፕሮግራም እንዳዩ ይጠይቃል። በመካከሉ «ምንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፣ የሚናገሩት ግን በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ በፍጥነት ያነባል። ይህ ማስጠንቀቂያ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚያነበው ዓይነት ነው፤ ከተነበበ ጀምሮ ጨዋታው የወንጀል ምርመራ ሆኗል። እርስዎም ከልብዎ «አንዳንዴ ለበዓል ፋናን እናያለን» ይላሉ። ይጽፈዋል። በመጨረሻ ቅጹን አዙሮ ከታች እንዲፈርሙ ይሰጥዎታል፣ እርስዎም መምጣቱን ለማረጋገጥ መስሎዎት ይፈርማሉ። ዐቃቤ ሕግ የሚያስፈልገው ማስረጃ በሙሉ እዚያች ወረቀት ላይ አለ።

ይህን የምለው ሠራተኞቹን ለማማት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን በሥርዓት ይሠራሉ። ነገር ግን በዚህ ወንጀል ከሚፈረድባቸው ሰዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን ይወቁ። ቢቢሲ ራሱ በ2017 ጉዳዩን አጥንቶ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቤት የሚገኙትና በር የሚከፍቱት በብዛት ሴቶች መሆናቸው ነው። ባል ኳሱን ያያል፣ ሚስት ትፈርማለች፣ የሚቀጣው የፈረመው ነው።

ስለዚህ ተመልሶ ቢመጣ ምን ያድርጉ? በሩን መክፈትም አለመክፈትም መብትዎ ነው። ከከፈቱ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ መታወቂያውን ይመልከቱ። ከቲቪ ላይሰንሲንግ ከሆነ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ አሁን መነጋገር አልፈልግም፣ መልካም ቀን» ብለው ይዝጉ። ስምዎን የመንገር ግዴታ የለብዎትም። ማስረዳት፣ መከራከር፣ ስለ ፍትሕ ማውራት አያስፈልግም፤ ያልተባለ ነገር አይጻፍም። ከፈለጉ በስልክዎ መቅረጽ ይችላሉ፣ የራስዎ ደጃፍ ነው። ልጅዎን ግን በሩን እንዳይከፍት ይንገሩት። እንግሊዝኛው በደንብ የማይገባዎት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ ያላነበቡትንና ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ ላለመፈረም ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብዎትም።

ማስገባት የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። የሚደብቁት ነገር ስለሌለ «ይይና ይሂድ» ይላሉ፤ ተቆጣጣሪውም አይቶ የማይጠቀሙ መሆኑን መዝግቦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። ይህ ምንም ስህተት የለበትም። እኔ ግን ከሌሊት ሥራ ለተመለሰች፣ እንቅልፍ ለተነሳች እናት አልመክርም። የደከመ ሰው «አዎ» ማለት ይቀናዋል።

የብርበራ ማዘዣ ሲኖር ሁኔታው ሌላ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 366 መሠረት ማዘዣውን የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ ዳኛውም የሚፈቅደው ወንጀል ስለመፈጸሙ ምክንያታዊ እምነት የሚያሳድር ነገር ሲቀርብለት ነው፤ ሰውየው አላስገባም ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ማዘዣው የሚያገለግለው ለአንድ ወር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ፖሊስ አብሮ ይመጣል። ከያዙ አያግዷቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አድራሻውንና ቀኑን ያንብቡ፤ ትክክል ከሆነ ያስገቧቸው፤ መሣሪያውን ለመፈተሽ የሚጠይቁትን ተገቢ ትብብር ይስጡ። ሆነ ብሎ ማደናቀፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ስለራስዎ ቃል ያለመስጠት መብትዎ ግን በዚያ ጊዜም አብሮዎት አለ። እርስዎ እንደጻፉልኝ ያለ ቤት ላይ ማዘዣ ሲወጣ ማየት እጅግ ብርቅ ነው፤ የምነግርዎት ቢመጣ እንዳይደነግጡ ብቻ ነው።

«የመግባት ፈቃድ መንፈግ» የሚሉትን ደብዳቤም ሰምተው ይሆናል። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ማንም ሰው እስከ በርዎ መጥቶ የማንኳኳት፣ ሳይነገር እንደተሰጠ የሚቆጠር ፈቃድ አለው፤ ይህን ፈቃድ ነስቻለሁ ብለው ለቲቪ ላይሰንሲንግ መጻፍ ይችላሉ፣ ቢቢሲም ይቀበለዋል። በስኮትላንድ ሕጉ የተለየ ስለሆነ አይሠራም። ለእርስዎ ከዚህ የቀለለ መንገድ ስላለ አልመክርዎትም።

ያም መንገድ ፈቃድ እንደማያስፈልግዎት የሚገልጽ መግለጫ መስጠት ነው። በቲቪ ላይሰንሲንግ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ይሰጣል፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ደብዳቤው በአብዛኛው ይቆማል። ለማጣራት ሰው ሊልኩ ይችላሉ፤ ቢልኩም በሩ ላይ ያለዎት መብት አይቀነስም። በሕግ የመግለጽ ግዴታ ስለሌለ «አትንገሩ፣ ዝም በሉ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ መርህ ላላቸውና ደብዳቤ ቀድደው ለመጣል ለማይቸገሩ ሰዎች ይሄድላቸዋል። እርስዎ ግን ፖስታ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ እንቅልፍ እየነሳዎት ነው፣ ማመልከቻም ሊያስገቡ ነው፤ እንግዲያውስ ይግለጹና ይገላገሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው። ባለቤትዎ ኳሱን በቀጥታ ማየት ሳያቆሙ «አናይም» ብለው እንዳይጽፉ። ዝም ያለ ሰው ላይ ማስረጃ የለም፤ ሐሰት የጻፈ ሰው ግን ማስረጃውን በገዛ እጁ ሰጥቷል።

ቤቱ ተስማምቶ «ያለ ኳስና ያለ ቀጥታ ዜናማ አንኖርም» ካለ ደግሞ ይክፈሉ፤ ውርደት የለበትም። ዋጋው በኤፕሪል 2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር፣ በየኤፕሪሉም ስለሚከለስ የአሁኑን ከድረ ገጻቸው ይመልከቱ፤ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። አንድ ፈቃድ ቤተሰቡን በሙሉ፣ በቤቱ ያለውን ስክሪን ሁሉ ይሸፍናል። ዕድሜያቸው 75 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ፔንሽን ክሬዲት የተባለውን የጡረታ ድጎማ የሚያገኙ ወላጆች ካሉ ለእነርሱ ነጻ ነው፤ ዓይነ ስውር ያለበት ቤት ግማሹን ይከፍላል። በተናጠል ውል ክፍል ክፍል ተከራይተው በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድምና እህቶቻችን ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፤ የኪራይ ውሉ የጋራ ከሆነ አንድ ፈቃድ ይበቃል፣ እያንዳንዱ የራሱ ውል ካለው ግን ቀጥታ የሚያየው እያንዳንዱ የራሱን ይገዛል። የጎረቤት ክፍል ፈቃድ ለእርስዎ ክፍል አይሠራም።

አሁን ፈጽሞ ችላ ስለማይባለው ፖስታ ልናገር፤ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ከቲቪ ላይሰንሲንግ የሚመጣ ደብዳቤ ቢጣል ወንጀል የለውም። ከፍርድ ቤት በስምዎ የሚመጣ የክስ ማስታወቂያ ግን የተለየ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እነዚህ ክሶች የሚታዩት አንድ ዳኛ ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ በወረቀት ብቻ በሚወስንበት ሥርዓት ነው፤ ችሎት የለም፣ ተከሳሽም አይቀርብም። ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ የእምነት ክህደት ቃልዎን መላክ አለብዎት። «አልፈጸምኩም» ካሉ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ችሎት ይዞራል፤ ዝም ካሉ በሌሉበት ይፈረድብዎታል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለወራት የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲጥል የኖረ እጅ የፍርድ ቤቱንም አብሮ ይጥለዋል። ቤት ቀይረው ማስታወቂያው ሳይደርስዎት ተፈርዶብዎት ከተገኘ፣ ባወቁ በ21 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ የመሐላ ቃል ሰጥተው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማድረግ ይችላሉ። በስኮትላንድ አካሄዱ ሌላ ነው፤ ጉዳዩ ወደዚያው አገር ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

የመኖሪያ ማመልከቻውን በተመለከተ፦ ደብዳቤ ስለመጣ፣ ተቆጣጣሪ ስለመጣ ወይም ስላላስገቡት በማመልከቻዎ ላይ የሚመዘገብ ነገር የለም። ፍርድ ካለ ግን የወንጀል ፍርድ ነው፤ ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆንም እንኳ ቅጹ ሲጠይቅ መታወቅ አለበት፤ ደብቆ መገኘት ከቅጣቱ ይልቅ ይጎዳል። የቀደመ ፍርድ ያለባችሁ ሰው ካለ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግሩ። ለጓደኛ ጓደኛ ፎርም የሚሞላውን ሰው ማለቴ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ በኢሜይልና በስልክ መልእክት የሚመጡትን ይጠንቀቁ። «ክፍያዎ አልተሳካም፣ እዚህ ይጫኑ» የሚለው በአብዛኛው የሌባ ሥራ ነው። እውነተኛው ኢሜይል ስምዎን ወይም የፖስታ ኮድዎን ከፊል ይይዛል፤ «ውድ ደንበኛ» ብሎ የሚጀምረውን ይሰርዙት። ድረ ገጹን ራስዎ ጽፈው ይግቡ እንጂ በመጣ ማያያዣ አይግቡ። የባንክ ቁጥር በር ላይ ለቆመ ሰው አይስጡ።

ጀርመን አገር እህት ካለችዎትና ይህን ብታነብ ግን በራሷ ቤት እንዳትሠራበት ይንገሯት። እዚያ ክፍያው ከ2013 ጀምሮ በቤት ነው የሚታሰበው፤ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም፣ ታየም አልታየም ይከፈላል፤ «አላይም» ማለት ዕዳ ከማከማቸት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ብሪታንያም ብትሆን ቢቢሲ የሚተዳደርበት የአሁኑ ቻርተር (የመቋቋሚያ ሰነድ) በ2027 መጨረሻ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ እንዳለ ይቀጥል አይቀጥል እየተመከረበት ነው።

የከፈላችሁትን ገንዘብ ለማስመለስ፦ ፈቃዱ ገና ካላለቀና ከአሁን ጀምሮ ቀጥታ ስርጭት የማታዩ ከሆነ ላልተጠቀማችሁባቸው ሙሉ ወራት ተመላሽ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፤ በመጀመሪያ ፈቃድ እንደማያስፈልጋችሁ ንገሯቸውና ፈቃዱን አሰርዙ፣ ተመላሹንም በዚያው ጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያውን ከባንክ አቁሙ። ባንኩን ብቻ ካቆማችሁ በእነርሱ መዝገብ ላይ የምትታዩት ክፍያ እንዳቋረጠ ሰው ነው፣ ደብዳቤውም እንደገና ይጀምራል። ደመራን በቀጥታ ያያችሁባቸው ወራት ግን ፈቃዱ ያስፈልጋችሁ ነበር፤ ስለዚህ የእነዚያን ወራት ገንዘብ አትጠይቁ።